የመንገደኛው ሻንጣና የሚዛኑ ነገር

ባለፈው ወር በ12ኛው ቀን፣ በሚካኤል ዕለት ማታ፣ ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው ሰፈራችን ወደ አንድ ጎረቤታችን ቤት ተጠርተን ሄደን ነበር። የቤቱ ልጅ በማግሥቱ ሌሊት ወደ አሜሪካ፣ ወደ ባሏ ዘንድ ልትሄድ ተዘጋጅታለች። ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች አፋቸውን ከፍተው መሬት ላይ ተኝተዋል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱና የተቆላው ቡና በየከረጢቱ ታስሮ፣ ጀበናዪቱ በጋዜጣ ተጠቅልላ፣ ሁለት ሊትር ማርም በጀሪካን ሆኖ ተሰናድቷል። በአንድ ጥግ ደግሞ በየላያቸው ስም የተጻፈባቸው ዘጠኝ ጥቅሎች ተደርድረዋል፤ እነዚህ ጎረቤትና ዘመድ ለልጆቻቸው እንድታደርስላቸው ያመጧቸው የአደራ ዕቃዎች ናቸው።

በቤቱ ሚዛን አልነበረም። ስለዚህ ታናሽ ወንድሟ ወደ መገናኛ ሮጦ፣ በመንገድ ዳር የሰው ክብደት እየመዘነ የሚተዳደር አንድ ልጅ ከነሚዛኑ ይዞ መጣ። ልጁም ሥራውን የሚያውቅ ነበርና ሻንጣውን በሚዛኑ ላይ ማቆም እንደማይመች ተናግሮ፣ አጎቷን አስቀድሞ ብቻቸውን አቆማቸው፤ 68 ኪሎ ሆኑ። ከዚያ በኋላ አንዱን ሻንጣ አቅፈው ቢቆሙ 99፣ ሁለተኛውን አቅፈው ቢቆሙ 96 ሆነ። እንግዲህ አንዱ 31፣ ሌላው 28 ኪሎ ነው ማለት ነው። የተፈቀደው ግን እያንዳንዱ 23 ነበር፤ በጠቅላላው 13 ኪሎ ትርፍ ተገኘ።

የልጅቱ እናት ከእንጦጦና ከየካ ተራራ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ለቅመው፣ በጀርባቸው ተሸክመው እያወረዱና እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሚዛኑ ገና ሳይመጣ ሁለቱን ሻንጣዎች በየተራ በእጃቸው ብድግ አድርገው፣ «ይህኛው ከዚያኛው ሦስት ኪሎ ያህል ይበልጣል» ብለው ነበር። ሚዛኑ ሲመጣ ያሉት ልክ ሆነ። ባለሚዛኑም ልጅ ገርሞት፣ «እማማ፣ እርስዎ እያሉ እኔን ለምን ጠሩኝ?» አላቸው። ሁላችንም ሳቅን።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ 13 ኪሎ መውጣት አለበትና። ልጅቱ ጎንበስ ብላ ከሁሉ አስቀድማ ያወጣችው ምን እንደ ሆነ ብንነግራችሁ አታምኑም። የእናቷን ጋቢ ነው። የአደራውን ጥቅል ግን አንዱንም አልነካችም። እኛም ይህን ባየን ጊዜ ዝም ማለት ስላልቻልን አንድ የቆየ ነገር ነገርናት፤ እርሱን ከታች እንጽፈዋለን። አስቀድመን ግን ስለ ሚዛኑ ሕግ ጥቂት እንበል፤ ብዙ ቤተሰብ ነገሩን የሚያውቀው በመንገዱ ሌሊት ነውና።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ በተራው ማዕረግ ለሚሄድ መንገደኛ የተለመደው ፈቃድ እያንዳንዳቸው ከ23 ኪሎ የማይበልጡ ሁለት ሻንጣዎች ናቸው፤ በእጅ የሚያዘውም ብዙውን ጊዜ 7 ኪሎ ነው። 23 ኪሎ በቀድሞው የንግድ ሚዛን አንድ ፈረሱላ ከሢሶ ያህል መሆኑ ነው፤ ፈረሱላው 17 ኪሎ ነውና። የሻንጣው ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ሲደመርም ከ158 ሣንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠየቃል። ሁለቱ ተደምረው 46 ከሆኑ አንዱ 26፣ ሌላው 20 ቢሆን ምን ግድ አለ የሚሉ አሉ፤ ግድ አለው። እያንዳንዱ ሻንጣ ለብቻው ይመዘናልና የ26ቱ ትርፍ በ20ው ጉድለት አይካካስም። ቀድሞ በዓለም ላይ የተለመደው ሥርዓት ሌላ ነበር፤ የሻንጣው ቍጥር ሳይታይ ለተራው መንገደኛ በድምሩ 20 ኪሎ፣ ለአንደኛው ማዕረግ 30 ኪሎ ይፈቀድ ነበር። ዛሬም ይህን ሥርዓት የሚከተሉ አሉና፣ ጎረቤት የነገራችሁን ትታችሁ በቲኬቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። በመንገድ ላይ አይሮፕላን የሚለወጥ ቢሆንና ቲኬቶቹ ለየብቻ የተገዙ ከሆኑ፣ የሁለተኛው አየር መንገድ ሕግ እንደገና ይጠብቃችኋል።

ደግሞም ብዙ ሰው የሚረሳው የሻንጣውን የራሱን ክብደት ነው። ከመርካቶ የሚገዛው ትልቅና ደረቅ ሻንጣ ባዶውን አራት ወይም አምስት ኪሎ ሊመዝን ይችላል። እንግዲህ አንድ ሽሮ ሳይገባበት ከተፈቀደው አንድ አምስተኛው ሄደ ማለት ነው። ስትገዙ በእጃችሁ አንሡት፤ የሻንጣ መልክ በአሜሪካ ማንም አያየውም።

ሰዎች ይህን ሕግ የአየር መንገዶች ንፉግነት ብቻ አድርገው ያዩታል። የገንዘብ ነገር የለበትም አንልም፤ ለትርፉ የሚጠየቀው ክፍያ አንዳንድ ጊዜ በሻንጣው ውስጥ ካለው ዕቃ ዋጋ ይበልጣል። ነገር ግን በኛ አገር ከሌላው ይልቅ የሚገባን ሌላ ምክንያት አለ። ከየካ ተራራ ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው አይሮፕላኖች ከቦሌ ሲነሡ ያያል። ያ የቦሌ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉን የሚደግፈው አየር፣ ሞተሩም የሚስበው አየር ከቆላው ያነሰ ነው። ስለዚህ አይሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ ሩጫ ያስፈልገዋል፤ የሚሸከመውም በባሕር ዳርቻ ካለ ሜዳ ሲነሣ ከሚሸከመው ያንሳል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አይሮፕላን ለብዙ ዓመታት በመንገድ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ ኖሯል፤ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ሳያርፍ በአንድ በረራ አዲስ አበባ ይደርስ ነበር። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ነፋሱ ፊት ለፊት መሆኑ አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ ሁለተኛው ይኸው የሀገራችን ደጋነት ነው። በቦሌ ነዳጁን ሞልቶ፣ ሰውንም ጭነትንም ይዞ በአንድ ጊዜ መነሣት ይከብደው ነበርና።

የአንዲት ልጅ ሦስት ኪሎ ሽሮ ያን ሁሉ ብረት አያስቀረውም ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን በአንድ አይሮፕላን ውስጥ 300 መንገደኞች ቢኖሩና እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ኪሎ ቢያሳልፉ 900 ኪሎ ይሆናል፤ ከ50 ፈረሱላ የሚበልጥ ነው።

ከዚህ ሌላ አንድ ሻንጣ ከ32 ኪሎ ከበለጠ ክፍያ ቢቀርብም እንኳ ብዙ አየር መንገዶች አይቀበሉትም። ምክንያቱ የጫኙ ሠራተኛ ወገብ ነው፤ ያን ሻንጣ በቀን ብዙ መቶ ጊዜ የሚያነሣው ሰው ነውና። ይህን ለልጅቱ እናት በነገርናቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው፣ «መልካም ሕግ ነው» አሉ። ከእንጦጦ የሚወርደው የእንጨት ሸክም ከ30 ኪሎ በላይ መሆኑን፣ የተሸካሚዋንም ወገብ የሚመዝንላት ሕግ አለመኖሩን እርሳቸው ከኛ ይልቅ ያውቁታል።

በዚህ ጉዳይ ያለፈው ዘመን ምን እንደሚመስል ማስታወስም ደስ ያሰኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ባደረገበት ጊዜ፣ በነዚያ አይሮፕላኖች ውስጥ መንገደኞቹ በግራና በቀኝ ግድግዳ በተዘረጋው አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ጭነቱም በመካከላቸው ይቀመጥ ነበር። ሰውና ዕቃው ፊት ለፊት እየተያዩ ሄዱ ማለት ነው። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከዚሁ ከአዲስ አበባ ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። የአይሮፕላኖቹ ወንበር እየተነሣ ቦታ ተለቀቀላቸው፤ በአንዱ ቦይንግ 747 ብቻ ከ1,080 የሚበልጡ ሰዎች ተሳፈሩ። ይህ ሊሆን የቻለው ከለበሱት ልብስ በቀር የያዙት እምብዛም ስላልነበረ ነው። ለዘለዓለም ከሀገር የሚወጣ ሰው፣ በዕድሜው ሁሉ ካፈራው ዕቃ አንድ ጭልፋ እንኳ ሳይዝ የሄደበት ቀን ነበር።

አሁን ወደዚያ ወደ ጋቢው እንመለስ።

ከብዙ ዓመት በፊት ታናሽ ወንድማችን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሄደ። እናታችን ለርሱ ብላ አንድ ክረምት ሙሉ ጥጥ ስትፈትል ከርማ ጋቢ አሠራችለት። በመንገዱ ሌሊት ሻንጣውን የመዘነ ሰው አልነበረም። በቦሌ ሸኚ ወደ ውስጥ ስለማይገባ በበሩ ላይ ተሳስመን ተለያየን፤ ስልኩንም «ከእንግዲህ በዚያ አገር አይሠራልኝም» ብሎ ለእኅታችን ሰጣት። እኛም ሌሊቱ ብርድ ስለ ነበረ ወዲያው ታክሲ ይዘን ወደ ቤታችን ተመለስን። እርሱ በውስጥ ሻንጣው ተመዝኖ ሰባት ኪሎ ትርፍ ተገኘበት። የሚከፍለው ገንዘብ የለውም፤ የሚደውልበት ስልክ የለውም፤ በውጭ የሚቀበለው ሰውም የለም፤ ከኋላው የተሰለፈው ሕዝብ ደግሞ ቶሎ በል እያለ ያጉረመርማል። ሻንጣውን በሰው ፊት ወለሉ ላይ ከፍቶ ማውጣት ጀመረ።

በሻንጣው ውስጥ የሰባት ጎረቤቶች በርበሬና ሽሮ ነበረ። ያን ሊያወጣው አልደፈረም፤ አደራ ነዋ። አደራ በላ መባል በኛ ዘንድ ምን ያህል ነውር እንደ ሆነ ለአንባቢ አንነግርም። ስለዚህ የራሱን አወጣ፤ መጻሕፍቱን፣ ሁለት ጥንድ ጫማውን፣ በመጨረሻም ጋቢውን። ጋቢውን በአንድ ወንበር ላይ አጥፎ አስቀምጦ ሄደ። ከሄደም በኋላ በዚያ አገር ቅዝቃዜ ወርዶ ወርዶ የሰዎችን በርበሬ በየቤታቸው አደረሰ። እናታችን በስልክ ባገኘችው ቍጥር «ጋቢው ያሞቅሃል?» ትለው ነበር፤ እርሱም «አዎን እማዬ፣ ያሞቀኛል» ይላት ነበር። እውነቱን ለኛ የነገረን በሦስተኛው ዓመት ነው። ለእርሷ ግን እስካለፈችበት ቀን ድረስ አልነገርናትም። መዋሸት መልካም አለመሆኑን እናውቃለን፤ ቢሆንም አልነገርናትም።

ይህን ለልጅቱ ስንነግራት እናቲቱ ተነሥተው ጋቢውን ከእጇ ወሰዱና በትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉት። «ለብሰሽው ትሄጃለሽ» አሏት። በትክክል የተባለ ነው፤ በሰውነት ላይ ያለ ልብስ አይመዘንም፤ በአይሮፕላንም ውስጥ ሌሊቱ ይበርዳል።

ስለ አደራ ዕቃ ግን ከክብደቱ ይልቅ የሚያሠጋ ሌላ ነገር አለ። በአይሮፕላን ጣቢያ መንገደኛው «ይህን ሻንጣ ራስህ አሰናድተኸዋልን? ከሌላ ሰው የተቀበልኸው ዕቃ አለበትን?» ተብሎ ሲጠየቅ ለወግ የሚጠየቅ ይመስለዋል። አይደለም። በሻንጣው ውስጥ የተገኘው ሁሉ የርሱ ነው። «ደረቅ ቅጠል ብቻ ናት፣ ሻይ ናት» ተብሎ የተሰጠው ጥቅል ጫት ሆኖ ቢገኝ፣ በአሜሪካ የተከለከለ ነው፤ በእንግሊዝ አገርም ከሰኔ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል። ተጠያቂው የላከው ሰው ሳይሆን የተሸከመው ነው። ስለዚህ ከቅርብ ዘመድም ቢሆን ተከፍቶ ሳይታይ ምንም አይወሰድ። የሚሰጠውም ሰው «አላመናችሁኝም» ብሎ ቅር አይሰኝ፤ በልጁ ላይ የሚደርሰውን ቢያስብ እርሱ ራሱ ከፍቶ ባሳየ ነበር።

ምን ይያዝ፣ ምን ይቅር ለሚለው፣ ሁሉም ቤት የራሱ ፍቅር አለውና ልንወስን አንችልም። ጥቂት ነገር ብቻ እንጠቁም። በዋሽንግተንና በአካባቢው እንጀራ በየሱቁ ይሸጣል፤ ጤፍም በአሜሪካ በአይዳሆ ግዛት ይዘራል። ስለዚህ ከባዱን የእንጀራ ምጣድ ተሸክሞ መሄድ ዛሬ ድካም ብቻ ነው። በእናት እጅ የተሰናዳው በርበሬ ግን በሱቅ አይገኝምና ለርሱ ቦታ አይነፈግ። ማር ከውኃ ይከብዳል፤ አንድ ሊትሩ 1.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ቢፈስም ልብሱን ሁሉ ያጠፋል። ሥጋ፣ ቋንጣም ቢሆን፣ በአሜሪካ በር ላይ ይወሰዳል፤ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ ሥጋም የወተት ውጤትም፣ ቅቤውን ጨምሮ፣ አይገባም። ወደ አሜሪካ የሚገባ ሰው የያዘውን ምግብ ሁሉ መናገር አለበት፤ የሚያስቀጣው ብዙ ጊዜ ዕቃው ሳይሆን መደበቁ ነው። በቤት የወጣ አረቄ በማንኛውም ጠርሙስ ተሞልቶ በሻንጣ አይግባ፤ የሚፈቀደው ፋብሪካ እንዳሸገው ያለ፣ ኃይሉም የተወሰነ መጠጥ ነው። የስልክ መሙያ ባትሪ ከእጅ ሻንጣ እንጂ ከሚጫነው ውስጥ አይቀመጥ፤ እሳት ያስነሣልና። የልደት፣ የጋብቻና የትምህርት ማስረጃ፣ መድኃኒት፣ ከኤምባሲም የተሰጠ የታሸገ ፖስታ ካለ ሳይከፈት በእጅ ይያዝ።

በኛ ቤቶች በተለይ ሊታወቅ የሚገባው ደግሞ የጥንት ዕቃ ነገር ነው። የአያት የብራና ዳዊት ወይም አሮጌ መስቀል ለበረከት ብሎ በሻንጣ ጨምሮ መላክ በሕግ ያስጠይቃል። በአዋጅ ቍጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር አይወጣም። አዲስ የታተመ ዳዊት ቀላልም ነው፣ አያስጠይቅምም።

የቀረው ስለ ሸኚዎች ነው። ሻንጣው ተመዝኖ ተቀባይነት እስኪያገኝ ድረስ ሸኚ ከበሩ አይራቅ፤ መንገደኛውም እስከዚያ ድረስ ስልኩን ለማንም አይስጥ። ትርፍ ቢገኝ ወደ በሩ ተመልሶ የሚያስረክበው ሰው ይኖረዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ግማሽ ሰዓት ብርድ መታገሥ ብቻ ነው፤ እኛ ያን ጊዜ አልታገሥንም።

በጎረቤታችን ቤት ዘጠኙ ጥቅሎች ሲመዘኑ 10 ኪሎ ተኩል ሆኑ። «አንድ ኪሎ ብቻ ናት፤ ምን ትከብዳለች?» እየተባለ የመጣው ነው ይህ ሁሉ። ጥቅሎቹ ወጡ። አሁንም ትርፉ ሁለት ኪሎ ተኩል ነበርና ሁሉም ወደ ማሩ ተመለከቱ። ማሩን ራሳቸው እናቲቱ ሰፍተው ያስገኙት ይመስል በሁለት እጃቸው አንሥተው ጥቂት ያዙት፤ ከዚያም ወደ ጓዳ ወሰዱት። ከነጀሪካኑ ሦስት ኪሎ ነበር። ባለሚዛኑ ልጅ ሒሳቡን ተቀብሎ፣ እራቱንም በልቶ ሄደ።

በማግሥቱ ሌሊት በቦሌ በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ ስልኩ ጮኸ። «እማዬ፣ ተቀበሉኝ፤ አንዱ 23፣ አንዱ 22 ከግማሽ» አለች። እናቲቱም «ደግ፤ ጋቢሽን ልበሺ» አሏት፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ሲነጋ ዘጠኙን ጥቅሎች ይዘው በየቤቱ እየዞሩ መለሱ። ስምንቱ በደስታ ባይሆንም በትዕግሥት ተቀበሉ፤ አንዲቱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታዋ አጥሯል። ማሩ እስከ ዛሬ በጓዳው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ለእንግዳም አልተከፈተም።